ይቅርታ የሚቀድመው ሰይፍ

ሳሊሃ የሰይፍ ፍልሚያ ቡድኑን የመረጠችው ሐበሻ የማይደርስበት ቦታ ነው ብላ ነበር። ከምትኖርበት ከፍሌሚንግደን ፓርክ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር ዳንፎርዝ ትደርስና በሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ፊት አንገቷን ደፍታ አልፋ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ትገባለች። እዚያ ፈረንጆች የጥንት የጀርመን መጽሐፍ እያነበቡ ባልተሳለ ረጅም ሰይፍ ይለማመዳሉ። መቼ ነው የምታገቢው የሚል የለም።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ መርዕድ መጡ። የአባቷ ጓደኛ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር።

«ዶክተሩ ኤክሰርሳይዝ አድርግ አለኝ» አሉ። «መራመድ ደግሞ ይሰለቻል።»

አሠልጣኙ ቴዎ በቋንቋ ትግባባላችሁ ብሎ አጣመራቸው። በዚያው ቀሩ።

ዛሬ ፈተና ነው። ነፃ ፍልሚያ ወደሚገጥመው ቡድን ለማለፍ ባልደረባን አንዴ በደንብ መምታት ያስፈልጋል። ዳኛ የለም፤ የተመታው ራሱ እጁን አንስቶ ያምናል። ካላለፈች እስከ መስከረም ከጀማሪዎች ጋር አየር ላይ መሰንዘር ነው።

«ይቅርታ ጋሼ» አለችና ወደ ራሳቸው ሰነዘረች። መከቱ።

«ይቅርታ» ወደ ትከሻቸው። መከቱ።

ችግሩ ይኸው ነው። አባቷን የሚያህል ሰው ላይ ይቅርታ ሳትል ክንዷ አይነሳም። እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይቅርታዋን እንደ ቀይ መብራት ከሩቅ ያዩታል።

አንዴ ክንዳቸውን አገኘችው።

«ልብሱን ነው» አሉ።

«ልብሱ ውስጥ ማን አለ ጋሼ?»

«እኔ ነኛ። እኔን ግን አልነካሽኝም።»

ቴዎ ጠጋ አለ። «ከመምታትሽ በፊት የምትዪው ቃል ፉከራ ነው?» አላት በእንግሊዝኛ።

«የፉከራ ተቃራኒ ነው።»

«እንግዲህ የመጨረሻ ዕድልሽ ነው» አለ ሰዓቱን እያየ።

ሳሊሃ ጥርሷን ነከሰች። «ይቅርታ ጋሼ» አለች፤ ሰይፏ ግን ንቅንቅ አላለም። ጋሼ መርዕድ እንደ ልማዳቸው ሰይፋቸውን ወደ ላይ አንስተው ጠበቁ። ምንም አልመጣም። ግራ ገብቷቸው ዝቅ ሲያደርጉት የሳሊሃ ሰይፍ የጭንብላቸውን ሽቦ ቋ አደረገው።

ጭንብሉ ተጣመመ።

«ይቅርታ አላልሽም» አሉ ከውስጥ።

«ቀድሜ ብያለሁ እኮ።»

«እሱማ ለሌላኛው ምት ነበር።»

«ሌላኛው የለም ጋሼ።»

ቴዎ እጃቸውን እያየ ይጠብቃል። ጋሼ መርዕድ ጭንብላቸውን አቃኑ፣ ጓንታቸውን አጠበቁ፣ ጣሪያውን አዩ። በመጨረሻ እጃቸው ተነሳ፤ ግማሽ ድረስ፣ አውቶቡስ ይቁምልኝ አይቁምልኝ እንደሚያመነታ ሰው። ከዚያ ወደ ቴዎ ዞረው «አይ ቲች ሄር» አሉት፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ ማለታቸው ነው።

ሳሊሃ አባቷ ከሳቸው ሰምቶ ማታ ኮል አድርጎ፣ እንዴት ያለ ሰው እንዳሠለጠናት እንደሚነግራት ከአሁኑ አወቀች። ይሁን። አልፋለች። ጭንብሏን አውልቃ ልትሄድ ስትል ጋሼ መርዕድ መንገዷ ላይ ቆሙ።

«ቆይ እንጂ። እኔስ አላልፍም እንዴ? አብረን ነን እኮ።»

«የት ነው አብረን?»

«ወደሚቀጥለው ቡድን ነዋ። ዝም ብለሽ ቁሚ፤ እኔ እንዳንቺ ይቅርታ አላበዛም።»

ሳሊሃ ጭንብሏን መልሳ አጠለቀች። በሕይወቷ እንደዚያ ተጠንቅቃ መክታ አታውቅም።