ሳማታር ክፍል ውስጥ የቀረው ቁልፍ

ሙሐመድአወል ኮምፒውተር ተምሯል። ኮድቡር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ሙሐመድአወል ገና አላገኘውም ማለት ነው። ከድሬዳዋ ሐርጌሳ ሲገባ ከተማዋ ከፍርስራሽ እየተነሳች ነበር፤ በየመንደሩ ሲሚንቶ ይቦካል፣ ከስደት የተመለሰው ሕዝብም ጣሪያ ያለውን ነገር ሁሉ ይከራያል። ኮምፒውተር ግን ከስንት አንድ ነው፣ ያለውም ባለቤት አለው። ስለዚህ ሰውዬው የሐጂ አቦኮር የኪራይ ግቢ ኃላፊ ሆነ። ኃላፊ የሚለው ቃል የራሱ ነው፤ ሥራው ዘበኝነት፣ ማደሪያውም በሩ አጠገብ ያለችው የቆርቆሮ ጎጆ ነበረች።

ሐጂ አቦኮር ድሬዳዋ ያደጉ፣ አማርኛቸው እንደ ውሃ የሚፈስ ሰው ናቸው። በጦርነቱ የፈረሰውን የአባታቸውን ቤት መልሰው ሲሠሩ በኮምፔንሳቶ ከፋፍለው ሃያ ያህል ጠባብ ክፍሎች አወጡ። ቁልፎቹ ሁሉ በሩ አጠገብ ሰሌዳ ላይ ይንጠለጠላሉ። ቁልፉ ካለ ክፍሉ ባዶ ነው፣ ከሌለ ሰው አለበት። ለአህያም ይገባል። ሙሐመድአወልን የሚያናድደውም ይኸው ነበር።

«ሐጂ፣ ኮምፒውተር እንዲህ አይሠራም» አላቸው አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ። «ኮምፒውተር ባዶ ቦታዎቹን ለመመዝገብ ሌላ ቦታ አያባክንም። ባዶው ቦታ ራሱ፣ ሥራ ፈት ስለሆነ፣ ቀጣዩ ባዶ የት እንዳለ በሆዱ ይይዛል። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ልወቅ፤ እሱ ሁለተኛውን ይነግረኛል፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን። አንዱ ምንም ካልነገረኝ እዚያ አለቀ ማለት ነው።»

ሐጂ ጉንጫቸውን በጫት እንደሞሉ አሰቡና «አብቲርሲ ነዋ» አሉ። ሶማሌ ልጁን ገና አፉን ሲፈታ የአያቶቹን ስም በተርታ ያስጠናዋል፤ አብቲርሲ የሚሉት ይህን ቆጠራ ነው። «እኔ አባቴን አውቃለሁ፣ አባቴ አባቱን ያመጣልኛል። መሐል ላይ አንድ አያት የዘለለ ግን ከዚያ ወዲያ ያሉትን ሁሉ አጣቸው።»

«እኔ አልዘልም» አለ ሙሐመድአወል ደረቱን ነፍቶ።

ሰሌዳው ወረደ። ሙሐመድአወል ኪስ የገባው የመጀመሪያው ባዶ ክፍል ቁልፍ ብቻ ነው። የሁለተኛው ባዶ ክፍል ቁልፍ አንደኛው ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቀለ፣ የሦስተኛው ሁለተኛው ውስጥ፣ እንዲያ እንዲያ እያለ እስከ ጥግ። ተከራይ ሲመጣ ክፍሉን ከፍቶ ይሰጠውና ከሚስማሩ ላይ ቀጣዩን ቁልፍ አንስቶ ይወጣል። ክፍል ሲለቀቅ ኪሱ ያለውን ቁልፍ እዚያ ይሰቅልና የተለቀቀውን ክፍል ቁልፍ ኪሱ ይከታል። ተከራዩ መስኮት ያለው ክፍል ልምረጥ ያለ ቀን ግን ጉድ ነው፤ አንዱን ከፍቶ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ሁለቱም ፀሐይ ላይ ሲዞሩ ይውላሉ። «ዘመናዊ አሠራር ነው» ይላል ሙሐመድአወል ላቡን እየጠረገ። የጎረቤት ግቢ ባለቤቶች መጡ፣ አዩ፣ አደነቁ፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ሰሌዳቸውን ግን አላወረዱም።

ሁሉም ለስም ብቻ አልነበረም፤ ሐቁ ይነገር። ሚስቱ ሀሲና ጅጅጋ አባቷ ቤት ነው የወለደችው። ልጁ ቁጭ ማለት ጀምሯል፣ አባቱ ግን ዓይኑን አላየውም። አማቹ «ጎጆ ሳይኖረው ልጄን አይወስድም» ብለው ወይ ፍንክች ብለዋል። ሐጂ ደግሞ ቃል ገብተውለታል፤ አሠራሩ እስከ ዒድ ከሰመረ ጥግ ላይ ያሉትን ሁለት ጎን ለጎን ክፍሎች አንድ ቤት አድርጎ ይገባባቸዋል። ሙሐመድአወል ዒድን የት ይጠብቃል፤ በማግስቱ የመሐሉን ኮምፔንሳቶ ነቀለው። «ኮምፒውተርም ጎረቤታም ባዶዎችን ያዋህዳል» አለ። ቁልፉንም የተርታው መጨረሻ ላይ ሰቀለው፤ ሌላው ሁሉ ሳይሞላ ማንም እዚያ አይደርስማ። ኪሱ ቢከተው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። እሱ ግን ባዶ ክፍል ሁሉ በተርታው ይግባ፣ ሕግ ሕግ ነው አለ።

ሳማታር የሚባል ሾፌር ክፍል ፈልጎ የመጣ ቀን ሀሲና ደወለች። ሙሐመድአወል በሩን እየከፈተ ነበር።

«አባባ እሺ አለ። ነገ እመጣለሁ» አለችው። «ግን ወላሂ በል፣ ቤቱ እውነት ነው?»

«ወላሂ። ሁለት ክፍል የተዋሐደ» አለ፤ ደስታው ቁመቱን ጨመረለት። የክፍሉን ቁልፍ ለሳማታር አቀበለና ስለ መስኮቱ፣ ስለ ጥላው እያወራ ወጥቶ ሄደ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ቀጣዩ ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ቀረ።

ሳማታር ተንኮለኛ አይደለም። ክፍል ተከራየ፣ ግድግዳው ላይ የሌላ ክፍል ቁልፍ ተሰቅሎ አገኘ። ለዘመድህ ሲሉኝ ነው ብሎ ከስደት ተመላሾች በሰፈሩበት ሼክ ኑር ላስቲክ ቤት ውስጥ የሚኖረውን ያጎቱን ልጅ ጠራ። ያጎቱም ልጅ ገብቶ ግድግዳውን ቢያይ ሌላ ቁልፍ። ለራሱ ብቻ የሚበላ ሰው በእነሱ ዘንድ ሰው አይደለም፤ እሱም አማቹን ጠራ። አማቹ ወንድሙን፣ ወንድሙ አክስቱን። ሙሐመድአወል ለሚስቱ አቀባበል ገበያ ሲዞር አመሸ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢው ጢም አለ።

በማግስቱ ሌላ ተከራይ መጣ። ሙሐመድአወል እጁን ኪሱ ከተተ። ቁልፍ የለም። ቤቱ ወዳለበት ጥግ ሮጠ።

በሚስቱ ቤት ውስጥ ሀምሴ የሚባሉ ባልቴት ምንጣፋቸውን አንጥፈው ዚክር ይላሉ።

«ኤዶ፣ ይህን ቤት ማን ሰጠዎት?» አለ፤ ሶማሌ አክስቱን ኤዶ ይላል።

«የወንድሜ ልጅ» አሉ፣ ስደት ላይ ሳሉ ጅጅጋ ገበያ በለመዱት አማርኛ። «አላህ ጀዛውን ይክፈለው።»

የወንድማቸው ልጅ ወንድሜ ነው የሰጠኝ አለው። ወንድምየው አማቼ አለ። አማችየው የሳማታር ያጎት ልጅ ነበርና ሳማታርን ጠቆመ። የሙሐመድአወል ቁልፎች ወደ ፊት ብቻ ነበር የሚመሩት፤ የእነዚህ ዘመዶች መልስ ደግሞ ወደ ኋላ ብቻ ይመራል። በር በር እያንኳኳ ሳማታር ዘንድ ደረሰ።

«ቁልፎቹን ማን ሰጠህ?»

ሳማታር ግራ ገብቶት አየው። «አንተ ነሃ።»

ከዚያ ወዲያ የሚያንኳኳው በር አልነበረም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ሐጂ ዘንድ ሄደ። ሐጂ ግቢያቸውን በዓይናቸው ቃኙ፤ አንድም ባዶ ክፍል የለም፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ሩዝ ይሸታል።

«በአንድ ቀን ሞላ» አሉ ተደስተው። «አሠራርህስ ሠራ።»

«የእኔ ቤትስ ሐጂ?»

«ተርታው ውስጥ አልነበረም እንዴ? ሕግ ሕግ ነው ብለህ የለ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሀምሴ የላስቲክ ቤት ኑሮ የበቃቸው ሴት ናቸው። ምንጣፋቸውን ካነጠፉ በኋላ እኔ ነኝ ተነሡ የምላቸው? ሰጪው አንተ ነህ፣ አንተው በላቸው።»

እሺ፣ እላቸዋለሁ ብሎ ወጣ። ኤዶ ሀምሴ በር ላይ ሲደርስ ባልቴቷ ዝናብ የማያስገባውን ጣሪያ አንጋጠው እያዩ ነበር። እንዴት ዋሉ አለና ተመለሰ።

ሀሲና ከሰዓት ደረሰች። ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ስትሰጠው ሙሐመድአወል ያሰናዳው ውሸት ሁሉ ከአፉ ጠፋ፤ ልጁ ጢሙን ይዞ ይስባል፣ እሱ ዓይኑ ውሃ ሞልቷል። ኤዶ ሀምሴ በትራቸውን ተመርኩዘው መጡ።

«የማን ሚስት ነሽ?»

«የሙሐመድአወል» አለች ሀሲና ኮራ ብላ።

«ማሻአላህ። ለእኔ ቤት የሰጠ እሱ አይደል፤ ሳማታር ነገረኝ። ነይ ግቢ፣ ቤቱ ሰፊ ነው።»

ሀሲና ተከትላቸው ሄደች፣ የተዋሐዱትን ሁለት ክፍሎች አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ወደ ባሏ ዞረች። «ይሄ የእኛ ያልከኝ ነው። ለእሳቸው ሰጠሃቸው?»

አይደለም፣ ረስቼው ነው ሊል አፉን ከፈተ። እንዲህ ባለ የኩራት ዓይን አይታው አታውቅም ነበር።

«አዎ» አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሚስቱና ልጁ ከኤዶ ሀምሴ ጋር ገቡ። እሱ ባዕድ ሴት ያለችበት ቤት ገብቶ አያድርም፤ ልጁን በር ላይ አቅፎ ቆየና ወደ ጎጆው ተመለሰ። ሀሲና ተከትላው መጥታ ጎጆው አጠገብ ቆማ ለአባቷ ትደውላለች።

«አባባ፣ ቤት የለውም ብለህ ነበር። ነበረው፤ ለባልቴት ሰጥቶት እሱ ቆርቆሮ ውስጥ ያድራል» አለች። ከዚያ ሰማች፣ ሳቀች፣ ስልኩን በእጇ ከድና ወደ ባሏ ዞረች።

«አባባ ይቅር በለኝ ይልሃል። እንዲህ ዓይነት ሰው መሆንህን አላውቅም ነበር አለ። ለዒድ እህቶቼን ይዞ መጥቶ አንተው ጋ ያርፋል።»

ሙሐመድአወል ከአንድ ፍራሽ በላይ የማትይዘውን የቆርቆሮ ጎጆ ዙሪያዋን አየ። ከዚያ ተነሣና ፍራሹን እየጎተተ ወደ ውጭ አወጣው።