በትራንስፖርት ዘርፍ የተመዘገበው ጭስ

ሰባት ዓመት ሙሉ የአገር ጭስ ስቆጥር ልቤ እንደዚያን ቀን ዘሎ አያውቅም። ሥራዬ ይኼው ነው፤ ፋብሪካው፣ ማዕድ ቤቱ፣ የእርሻ ቃጠሎው፣ ኃይል ማመንጫው፣ ትራንስፖርቱ እያልኩ የእያንዳንዱን ዘርፍ ጭስ ሰንጠረዥ ውስጥ መክተት። ከአራት ወር ወዲህ ግን ትራንስፖርት ሌላውን ሁሉ ጥሎ ሽቅብ ወጣ። አለቃዬም አሮጌ አውቶብሶች ከመንገድ ይውጡ የሚል ደብዳቤ አዘጋጁ፤ ከሰዓት ፈርመው ሊልኩት ነው።

ከነዚያ አውቶብሶች አንዷን አባቴ ሃያ ሁለት ዓመት ነድቷታል። ጠዋት ስነግረው «ቁጥሩ ካለ አለ ነው ልጄ፤ ለኔ ብለሽ እንዳትነካኪው» አለኝ። ይሄ ሰውዬ ጨዋነቱ ያናድደኛል።

እልህ ያዘኝና የትራንስፖርቱን መለኪያ ውጤት ቀን በቀን አየሁት። መለኪያው የተሰቀለው መሥሪያ ቤታችንን ከአውቶብስ መናኸሪያው በሚያዋስነው አጥር ላይ ነው። ከሁሉ የባሰው ጭስ የተመዘገበው ባለፈው ረቡዕ ነበር። ደወልኩ።

«አባዬ፣ ረቡዕ ስንት ጊዜ ተመላለስክ?»

«የምን መመላለስ? አስፋልት ሲነጠፍ መናኸሪያው ተዘግቶ ቤት ነው የዋልኩት። መብራት እንኳን አልነበረም።»

መብራት አልነበረም! ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው የመሥሪያ ቤታችን ጄኔሬተር ከአጥሩ ሥር ነው፤ የጭስ ማውጫ ቱቦው መለኪያው ላይ ተቀስሯል።

«ጋሼ፣ ይህን ቱቦ ማን አዞረው?» አልኳቸው ጥበቃውን።

«እኔ ነኝ» አሉ ፈራ ተባ እያሉ። «ጭሱ ማደሪያዬ እየገባ ዓይኔን ሊያጠፋው ነበር እኮ። ካዞርኩት አራት ወር ሆነው።»

አገላብጬ ሳምኳቸው። ምን እንደነካኝ ግራ ገባቸው።

አለቃዬን እየጎተትኩ አመጣኋቸው ማለት ይቻላል። ቱቦውን አዩ፣ መለኪያውን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አራት ወር የለካነው የራሳችንን ጭስ ነው?»

«አዎ።»

ደብዳቤውን ሳይፈርሙ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ጄኔሬተሩ የሠራባቸውን ቀናት አውጥቼ ሰንጠረዡን እንደ አዲስ ሠራሁና ለአባቴ ደወልኩ። ደስታዬ ትንፋሽ አሳጥቶኝ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ ጠየቀኝ።

«የኔዋስ አታጨስም?»

ዋሽቼው አላውቅም። «ታጨሳለች አባዬ። ትራንስፖርት አሁንም ሁለተኛ ነው።»

«እንግዲያው ነገ ጋራዥ አስገባታለሁ» አለኝ። «እስከዚያ ቁጥሯን እንዳትቀንሺልኝ።»