የአሰብ መንጠቆ

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ፣ ዘይቱና እንደተቆጣች ነበረች። ተቆጥታ ትተኛለች፣ ተቆጥታ ትነሣለች። ደሴ ፒያሳ ወዳለው የስፌት ሱቋ የሚመጡ ደንበኞች ሁሉ ያውቁታል፤ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ጠላቷ ከሥሩ የተኛ ይመስል ነበር።

የተቆጣችበት ሰው ኮምቦልቻ ጋራዥ የሚሠራው ደምመላሽ ነው። ሙሄዲን የሚባለው ወንድሟ የደምመላሽን እህት ፀሐይነሽን አግብቶ ለይላንና ሸረፈዲንን ወለዱ። ከዚያ ባልና ሚስቱ ባንድ መኪና ሲሄዱ ባቲ ቁልቁለት ላይ ተገልብጠው ቀሩ። ልጆቹ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ዘይቱና ቤት ገቡ። ሽማግሌዎችም ተቀምጠው፣ «ልጆቹ ባባታቸው ወገን ይደጉ፤ እሑድ እሑድ ግን የእናታቸውን ወንድም ይዩ» ብለው ፈረዱ። ዘይቱናም ደምመላሽም እሺ ብለው ተነሡ።

ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለው ዝምድና ብርቅ አይደለም። እስላምና ክርስቲያኑ ተጋብቶ ተዋልዶ፣ ባንድ ድንኳን ለቅሶ ተቀምጦ የሚኖር አገር ነው። የማይቀላቀለው ዕርድ ብቻ ነው። ክርስቲያኑ እስላም እንግዳ ሲመጣበት እስላም ጎረቤቱን ጠርቶ ያሳርዳል፣ በሌላ ድስት ያሠራል። እስላሙም ለክርስቲያን እንግዳው እንደዚያው ያደርጋል። ደምመላሽም ለእህቱ ልጆች እንደ ወጉ ዶሮ ሲያሳርድላቸው ኖሮ፣ ዘንድሮ ለፋሲካ ምን እንደነካው እንጃ፣ ራሱ ካረደው በግ አበላቸው።

ሸረፈዲን ገና ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሆዱ ነገር አይቋጥርም። ከአውቶቡስ እንደወረደ፣ «የአጎቴ በግ ሲጣፍጥ!» አለ።

ዘይቱና በነጋታው ኮምቦልቻ ወርዳ፣ ጋራዡ በር ላይ ቆማ፣ የሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ እየሰሙ ልክ ልኩን ነገረችው። እሱ ዘይት የነካውን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማትና፣ «የእህቴ ልጆች እኮ ናቸው። በኔ ቤት እስከመቼ እንደ እንግዳ ለብቻቸው ድስት ይቀርብላቸዋል?» አለ። ይቅርታ እንኳ አልወጣውም። ቆሽቷ ያረረው ያን ጊዜ ነው።

ልጆቹንም አልማረቻቸውም። ቤት እንደገባች ፊቷ አቁማ፣ «ስሙኝ፤ ክርስቲያን ያረደውን አትበሉም። በግ ይሁን፣ ፍየል ይሁን፣ ዶሮ ይሁን። ሳይታረድ የሚበላ ዓሣና አንበጣ ብቻ ነው። ገባችሁ?» አለቻቸው። ሸረፈዲን አለቀሰ። የአሥር ዓመቷ ለይላ ግን ግንባሯን ቋጠረች። ያቺ ልጅ ግንባሯን ከቋጠረች አንድ የምታሰላስለው ነገር አለ ማለት ነው።

ዘይቱናም የምታሰላስለው ነበራት። ልጆቹ ኮምቦልቻ መሄዳቸው እንዲቀር ፈልጋለች። ሁለተኛ ያንን ሰውዬ ባያዩት ደስታዋ ነው። ሆኖም ለሽማግሌ ቃል ገብታለች፤ እሷ ካስቀረቻቸው አገር ያማታል። ልጆቹ ራሳቸው ሰልችቷቸው «አንሄድም» ቢሉስ? ያኔ ማን ይወቅሳታል?

እንዲህ እያለች ሳለ ነው ለይላ ሱቅ ድረስ የመጣችው።

«አክስቴ፣ የዓሣ ማጥመጃ ግዢልን። ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ላይ እናጠምዳለን።»

«ማነው ይኼን የነገረሽ? አጎትሽ ነው?»

«ማንም አልነገረኝም። እኔ ነኝ ያሰብኩት።»

ዘይቱና አላመነችም። በበግ ያባበላቸው ሰው አሁን ደግሞ በዓሣ ሊያባብላቸው ነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብላ ልትመልሳት አፏን ከፈተች፤ ወዲያው አንድ ሐሳብ መጣላትና ዘጋችው።

«እሺ፣ እገዛላችኋለሁ» አለች።

«ትንሽ መንጠቆ ነው የምንፈልገው። ቦርከና ያሉት ዓሦች ትንንሽ ናቸው፤ አይቻቸዋለሁ» አለች ለይላ።

ጊዜው ዕቃ የጠፋበት ነው። የቀበሌው ሱቅ ሳሙና መጣ የተባለ ዕለት ሰልፉ መንገዱን ይዘጋዋል። ሚስማርና ቀለም ሻጩ በሺር ግን አሰብ የሚመላለሱ ሾፌሮች ወዳጆቹ ስለሆኑ፣ ከባንኮኒው ሥር የማያወጣው ነገር የለም። ዘይቱና የመጣችበትን ስትነግረው ፊቱ በራ።

«ለልጆች ነው? እንግዲያው ቀላል ነው። ሸምበቆው ቀለል ያለ፣ አጠር ያለ ይሁን፤ ከባድ ሸምበቆ ልጅን ቶሎ ያሰለቻል። ክሩ ቀጭን ናይለን። ከላይ የሚንሳፈፍ ቡሽ ታስሪበታለሽ፤ ቡሹ ሲሰጥም ዓሣው ጎረሰ ማለት ነው።» ከዚያ አንድ ወረቀት ፈትቶ የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ መንጠቆዎች አሳያት። «ጫፏ ላይ ወደ ኋላ የዞረች እሾህ አለች አይደል? እሷን በፒንሳ ጫን አድርገሽ ታስተኛለሽ። ልጅ እጁን እንኳ ቢወጋ ቶሎ ትወጣለች።»

ዘይቱና አጠገቡ ወዳለው ሌላ ጥቅል ጠቆመች። «ያኛውስ?»

«እሱ የባሕር ነው። አሰብ ላይ ግዙፉን ዓሣ የሚይዙበት።» ፈታው። እያንዳንዱ መንጠቆ ሌባ ጣት ያክላል፤ እሾሁም የግራር እሾህ ነው።

«እሱን ስጠኝ።»

«ኧረ ዘይቱና፣ ቦርከና ውስጥ ይኼን የሚጎርስ አፍ የለም።»

«ስጠኝ አልኩህ።»

«በአላህ፣ ለልጅ አይሆንም።»

«አንተ ሚስማርህን ሽጥ። የልጆቹን ነገር እኔ አውቃለሁ።»

በሺር ራሱን እየነቀነቀ ጠቀለለላት። ሸምበቆውንም ካለው ሁሉ ረጅሙንና ከባዱን፣ በናይለኑም ፈንታ ጆንያ የሚሰፋበትን ሲባጎ መረጠች። እልክ የያዘው ሰው ገበያ ሲወጣ እንዲህ ነው፤ የሚጎዳውን ለይቶ ያውቃል። ሁለቱ ልጆች ረፋዱን ሳያጋምሱ ይሰለቻቸዋል፣ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፣ ቦርከናንም አጎታቸውንም ይጠላሉ፤ በቃ።

ለይላ መንጠቆውን መዳፏ ላይ አድርጋ አገላብጣ አየችው። «ትልቅ ነው» አለች።

«ሌላ የለም» አለች ዘይቱና።

እሑድ ጠዋት ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ ነበር፤ የቀረ ሰው ስኳር አይታደለውም። ዘይቱና ስኳሩ በአፍንጫዬ ይውጣ ብላ ከልጆቹ ጋር አውቶቡስ ተሳፈረች። ሲሰለቻቸው በዓይኗ ማየት ፈልጋለች። ዶሮ መዝለያ የተባለውን ስፍራ አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ የደሴ ብርድ እየለቀቃቸው ሄደ፤ እሷን ግን ቁጣዋ አለቀቃትም።

ደምመላሽ ወንዙ ዳር፣ ውሃው ከታቆረበት ቦታ እየጠበቃቸው ነበር። ልጆቹን አገላብጦ ሳመ። ለእሷ አንገቱን ሰበር አደረገ፤ እሷ ፊቷን ወደ ሾላው አዞረችና ከጥላው ሥር ተቀመጠች።

ነገሩ እንዳሰበችው ሄደ። የመንጠቆው ክብደት ቡሹን ጎትቶ አሰጠመው። ዓሦቹ መጥተው በመንጠቆው ዙሪያ ትሉን ለቅመው ለቅመው ሄዱ። ሸረፈዲን ሸምበቆውን በሁለት እጁ ይዞም አልቻለውም፤ ለእህቱ ሰጥቶ ጭቃ ላይ ተዘረፈጠ። ለይላ ትል ትቀይራለች፣ ትወረውራለች፣ ባዶውን ታወጣለች፣ ደግሞ ትቀይራለች። ጥርሷን ነክሳለች።

ደምመላሽ መንጠቆውን ያዘና አየው። ከዚያ ቀና ብሎ ሾላው ሥር የተቀመጠችውን ሴትዮ አየ። እየተራመደ መጣ።

«ሱቅ ውስጥ ሌላ አልነበረም?» አለ ቀስ ብሎ።

«አልነበረም።»

«ይኼ የመርከብ ገመድ የሚያንጠለጥል ነገር ነው።»

«አልነበረም አልኩህ። አንተ ደግሞ በግህን አስበህ ዝም በል።»

ተጨማሪ ሊናገር ሲል ሸረፈዲን ጮኸ። ለይላ ያንን የረዘመ ሸምበቆ ወደ ኋላ አንሥታ ስትወረውር ሲባጎው ዞሮ፣ መንጠቆው በልጁ አውራ ጣት ሥር ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ዘይቱና እንዴት እንደደረሰች አታውቀውም። ልጁን ታቅፋ መንጠቆውን ልትጎትት ስትል ደምመላሽ እጇን ያዘ።

«ወደ ኋላ አይወጣም። እሾሁ ሥጋውን ይዞ ነው የሚመጣው። ወደፊት ገፍቼ ጫፉን መቁረጥ አለብኝ። አጥብቀሽ ያዢው።»

«ይዤዋለሁ።»

ከኪሱ ፒንሳ አወጣ። ልጁ ደረቷ ላይ እየተንፈራገጠ ጮኸ። የመረጠችው እሾህ በልጁ ቆዳ በሌላ በኩል ብቅ ሲል አየች። ደምመላሽ በፒንሳው ቆረጠውና የቀረውን መልሶ ሳበው። ዘይቱና የሻሿን ጫፍ ቀድዳ ጣቱን አሰረችለት።

ለይላ ሸምበቆውን ወረወረችው። «ትንሽ ነው ያልኩሽ። ትንሽ ነው ያልኩሽ» አለች።

«አፍሽን ያዢ» አለች ዘይቱና። የምትይዘው ስታጣ የለመደችውን ቁጣ ያዘች። «መጀመሪያስ ዓሣ ምን ያደርግላችኋል? ይኼ አጎትሽ ነው እዚህ ውሃ ዳር ጎትቶ ያመጣችሁ!»

«አንቺ ነሽ ያመጣሽን። ሳይታረድ የሚበላ ዓሣና አንበጣ ብቻ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ። አንበጣ ደግሞ አጎቴ አይበላም፤ ጠይቄዋለሁ። ሽሮ ለዓመት በዓል አይሆንም። ዓሣ ከሆነ ግን አንቺም ትበያለሽ፣ አጎቴም ይበላል፣ ባንድ ሳሕን። ከዚያ አትጣሉም። አስቤ አስቤ ሌላ አጣሁ።» ይኼኔ ነው ለይላ ያለቀሰችው።

ደምመላሽ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ዘይቱና የምትቆጣው ሰው ፈለገች። ከፋሲካ ጀምሮ ቀለቧ የነበረው ቁጣ አሁንም በደረቷ ሞልቷል፤ መሄጃው ግን ወደ ራሷ ብቻ ሆነ።

«አክስቴ፣ ለምን ትልቁን ገዛሽልን?» አለ ሸረፈዲን እየተነፋረቀ።

ደምመላሽ ጀርባውን እንደሰጠ፣ «ሱቅ ውስጥ ሌላ አልነበረም፣ የኔ ልጅ። ዕቃ የጠፋበት ጊዜ ነው» አለ።

ይህ ከሁሉ ባሰባት። ቢሰድባት በወደደች። በልጆቹ ፊት ገልጦ ቢያሳያት የሱ ጥፋት የሷን ጥፋት ያቃልልላት ነበር። እሱ ግን ውሸቷን ከእጇ ተቀብሎ ተሸከመላት።

ብድግ አለች። ልብስ ሰፊ ያለ መርፌ አይሄድም፤ ከቀሚሷ ኮሌታ ሥር የሰካቻትን ነቀለች። «እሳት አንድድ» አለችው። ጭራሮ ለቃቅሞ አነደደ። መርፌዋ ፍም ስትመስል በፒንሳው ያዛትና ማጉበጥ ጀመረ።

«ቀስ። ትሰበራለች።»

«ብረት የምሠራ ሰው ነኝ እኮ።»

«መርፌ የኔ ነው። ወዲህ በል» ብላ ፒንሳውን ነጠቀችው። ጎበጥ አድርጋ አቀዘቀዘቻት፤ በዓይኗ ቀዳዳ የቁልፍ መስፊያ ክር አስገብታ ቋጠረች። እሱ ደግሞ ከወንዙ ዳር ቀጭን ሸምበቆ ቆርጦ፣ ቅጠሉን መልምሎ፣ ቡሹን አስሮበት ለለይላ ሰጣት።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ቡሹ ሰጠመ። ለይላ ያወጣችው ዓሣ ከሸረፈዲን መዳፍ እምብዛም አይበልጥም፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አልተያዘም። ደምመላሽ ጠረገውና ፍሙ ላይ ጠበሰው፣ በምሳ ዕቃው ክዳን ላይ አድርጎ መሐል አስቀመጠው። አራቱም ዙሪያውን ተቀመጡ። እሱ አማተበ፤ እሷ ቢስሚላህ አለች። ለያንዳንዳቸው አንዳንድ ጉርሻ ብትሆን ነው።

ዘይቱና ድርሻዋን አላነሣችም።

«ነበረ» አለች።

ልጆቹ ቀና አሉ።

«ትንሹም መንጠቆ ነበረ። በሺር አሳይቶኛል። ምንም እንዳትይዙና እንድትሰለቹ ብዬ ትልቁን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

«ተይው አሁን» አለ ደምመላሽ።

«አልተወውም። የበጉንም ነገር አልተውልህም። ሳትጠይቀኝ ነው ያበላሃቸው።»

ደምመላሽም፣ «ልክ ነሽ። መጠየቅ ነበረብኝ» አለ።

ሸረፈዲን የታሰረ ጣቱን አየ። ለይላ ግንባሯን ቋጥራ አክስቷን ትክ ብላ ተመለከተቻት። አፏ ውስጥ ያለውን አኝካ ዋጠች፣ እሾሁን በጣቷ አውጥታ ጣለች፣ ከንፈሯንም ጠረገች።

«በሚመጣው እሑድ መንጠቆ የምመርጠው እኔ ነኝ» አለች።

«እሺ» አለች ዘይቱና፣ ድርሻዋንም አንሥታ ጎረሰች።