በቅቤ የታሸ መተንፈሻ

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. የካ ሚካኤል አጠገብ ፍሬን እጠግን ነበር። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን በግምት እሞላዋለሁ።

ሻምበል ሠረቀብርሃን የሚባል ጠላቂ የሻላን ሐይቅ ጥልቀት ሊለካ ተነሣ። ሁለት ሬጉላተር ይዞልኝ መጣ፤ ጠላቂ ከጀርባው ካዘለው ቦምቦላ አየር በልክ የሚስብበት ዕቃ ነው። አንዱ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሆዱ በጥቃቅን ብሎን የተሞላ። ሌላው አሮጌ፣ በአንድ መፍቻ የሚፈታ።

«የቱን ልውሰድ?» አለኝ።

«አሮጌውን ይውሰዱ። ሻላ ዳር መለዋወጫ የሚሸጥ የለም። ይኼን እኔ ፈትቼ እገጥመዋለሁ።»

«እንግዲያው አንተም ትሄዳለህ።»

ከእንጦጦ ተራራ አልፌ የሄድኩት አንዴ፣ ለሠርግ፣ ሱሉልታ ድረስ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሻላ ልሄድ ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ሰነበትኩ።

የሻምበሉ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ በንጹሕ ውኃ እጠበው፣ ጥላ ላይ አድርቀው፣ ሌላ ነገር አታስነካው። ውኃ ብቻ? ስንፍና መሰለኝ። አፍ የሚነካው ዕቃ በእኛ ቤት ይታጠናል፤ የደረቀ ጠፍርም ቅቤ ይቀባል። ስለዚህ ቱቦዎቹን እንደ ወተት ዕቃ በወይራ አጠንኩ። ውስጥ ያለውን ስስ የጎማ ሽፋን በቅቤ አሸሁት።

ባለቤቴ ሙሉነሽ በር ላይ ቆማ አየችኝ። «አንተ ሰው፣ ሊጠልቅበት ነው ወይስ እርጎ ሊያረጋበት?»

«የማታውቂውን አትናገሪ» አልኳት። እኔ የማውቅ ይመስል።

በመነሻችን ዋዜማ ሻምበሉ ግቢዬ ውስጥ በርሜል ውኃ አስሞላ። «ዕቃውን ያሰናዳ ሰው መጀመሪያ ይተነፍስበታል» አለ። ነክሼው ጭንቅላቴን ነከርኩ። መጀመሪያ የወይራ ጢስ መጣ። ቀጥሎ ምንም አልመጣም። ሻምበሉ በኮሌታዬ ጎትቶ አወጣኝ።

ፈታው። ጎማው አብጦ ተጣብቋል። አሸተተው።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ትንሽ ቅቤ፣ ጌታዬ።»

«ለጋ ነው ወይስ የተነጠረ?»

«ለጋ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እዚያ ቢሆን የምታነቀው እኔ ነበርኩ። አዲሱን እወስዳለሁ።»

«እኔስ?»

«አዲሱን መፍታት ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?»

ሰኞ ማለዳ መኪናው ያለ እኔ ሄደ። ጎረቤቱ ሁሉ ግን አስቀድሞ ስንቅ አምጥቶ፣ መርቆ አሰናብቶኝ ነበር። የተሰናበተ ሰው መንደር ውስጥ መታየት ነውር ሆነብኝ። ዐሥር ቀን በሬን ዘግቼ የመንገዱን በሶ በላሁ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ስወጣ ጎረቤቴ በዳዳ አገኘኝ።

«ሻላ እንዴት ነው?»

«ጥልቅ ነው» አልኩት።