የጌታ ቱንኪ ጀርባ

ጌታ ቱንኪ ከሞቱ ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ምሳ ግን አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ አራት አሽከሮች ከነወንበራቸው አንስተው ወደ ግቢው ያወጧቸዋል። ምሳቸው ፊት ለፊታቸው እሳት ላይ ይቃጠላል፣ የበቆሎ ጠላቸው መሬት ላይ ይፈስላቸዋል፣ እሳቸውም የወርቅ ሽፋኑን ፊታቸው ላይ እንዳደረጉ ዝም ብለው ይመገባሉ። በተራራማዋ መናገሻ በኩስኮ ከተማ ከእሳቸው የተሻለ እርሻ ያለው ሕያው ሰው የለም። የሞተ ንብረቱን አይለቅማ! ዙፋኑ ለልጅ ያልፋል፤ መሬቱ፣ ቤቱና አሽከሩ ግን ከሟቹ ጋር ይቀራል። አዲስ የነገሠው ምስኪን ታዲያ ሲሞት የሚበላውን ፍለጋ ጦር አስከትሎ ሩቅ አገር ይሄዳል። ልጁ ደግሞ ከዚያ አልፎ ይሄዳል። አገሪቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የወራት መንገድ እስክትሆን የተለጠጠችው ለሌላ አይደለም፣ ለሟቾች ምሳ ሲባል ነው።

ቺምፑ የጌታ ቱንኪ አፍ ናት። በግራቸው ተቀምጣ ዝንብ ታባርራለች፤ ሰው ጥያቄ ይዞ ሲመጣ እሳቸውን ሆና ትመልሳለች። ሥራውን ያወረሰቻት አክስቷ፣ "ዝም ብለሽ ጠብቂ፣ መንፈሳቸው ጉሮሮሽ ውስጥ ይገባል" ብላት ነበር። ዓመት ሙሉ ጠበቀች። ከሳል በቀር የገባ ነገር የለም። አንድ ቀን ሃምሳ ሰው አፉን ከፍቶ መልስ ሲጠብቅ ጨነቃትና ከሆዷ ወፍራም ድምፅ አውጥታ፣ "ላማዎቹን ወደ ቆላ አውርዷቸው" አለች። እነዚያ አንገተ ረጅም የጭነት ከብቶች ወረዱ፣ ደጋውን ውርጭ መታው፣ ጌታ ቱንኪም ጠቢብ ተባሉ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ስትዋሽ ኖራለች። ለራሷ ግን አንድ እፍኝ በቆሎ እንኳ ጠይቃ አታውቅም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የጦር መልማዩ ፓውካር የወንዶቹ ቁጥር የተቋጠረበትን ገመድ እያወዛወዘ መጣ።

"እትዬ ቺምፑ፣ እንደምን ዋሉ? ሕያው ንጉሣችን ወደ ሰሜን ይዘምታሉ። ከዚህ ሰፈር ሃያ ወንድ ይፈለጋል። ባልዎ ሳይሪ አንዱ ነው።"

"ሳይሪ? እሱ እኮ ጫማ ሰፊ ነው! ደም ሲያይ ይወድቃል።"

"እዚያ ብዙ ሰው ይወድቃል፤ ብቻውን አይሆንም።"

"እግሩንም ያመዋል።"

"አሁን እኔን አይቶ ሲሮጥ ምንም አላመመውም። እትዬ፣ ከሟች አሽከር በቀር የሚቀር የለም፤ ሕጉን ያውቁታል።"

ባለፈው ዘመቻ ከሰፈሩ ከሄዱት አሥራ ስምንት ወንዶች የተመለሱት ሦስት ናቸው። ቺምፑ ባሏን ስታኮርፈውና ሰነፍ ስትለው ትውላለች፤ ግን ትወደዋለች፣ አለ እሱ አንድ ቀን መዋል አትችልም። ወደ ጌታ ቱንኪ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ሆዷን ነፋች።

"ያሳክከኛል!" አሉ ጌታ ቱንኪ።

ፓውካር መሬት ላይ ተደፋ።

"ጀርባዬን ያሳክከኛል! አርባ ዓመት ሙሉ ችዬው ኖርኩ። ከእንግዲህ ከቻልኩ ሞቼ ልገኝ! ጣቱ በመርፌ የጠነከረ ሰው አምጡልኝ። ያ ከላማው ኋላ የተደበቀው ይሁን።"

ከላማው ኋላ የተደበቀው ሳይሪ ነበር። ያኔውኑ ጀርባ አካኪ ተብሎ ተሾመ። ከመኝታው ለመነሳት የሚለግመው ሰውዬ ሥራውን እንደ ጉድ ያዘው። በእንጨት ማንኪያ ጠዋት ማታ፣ "እዚህ ጋ ነው ጌታዬ? ዝቅ ልበል?" እያለ ያክካቸው ጀመር።

ወሬው ግን አላደረም። በማግስቱ የጎረቤት ሟች እመቤትን አሳከካቸው። በሦስተኛው ቀን ከወንዙ ማዶ ያሉትን ሁለት ወንድማማች ሟቾች ያዛቸው። ሳምንት ሳይሞላ ከተማው ውስጥ የማያሳክከው ሟች ጠፋ፤ አንዱማ ጀርባቸው ሰፊ ነው ተብሎ መቶ ሃያ አካኪ ተመደበላቸው። የሚዘምት ወንድ አለቀ።

ፓውካር ዓይኑ ደም ለብሶ ተመለሰ።

"ንጉሡ ሰምተዋል! 'አባቶቼን እንዲህ ያሳከካቸው መቀመጥ ስላበዙ ነው። አየር ይለውጡ፤ ከነአካኪዎቻቸው ይዝመቱ' ብለዋል። ነገ ጠዋት መንገድ ነው።"

ማንኪያው ከሳይሪ እጅ ወደቀ። ጉድ ፈላ፤ ቺምፑ በገዛ አፏ ከነሬሳው ልታዘምተው ነው። እንደገና ሆዷን ነፋች።

"መልካም፣ እዘምታለሁ" አሉ ጌታ ቱንኪ። "በጉብዝናዬ ወራት የማልቀመስ ነበርኩ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ እኔ የማርኩት መሬት የማን ይሆናል?"

"የ... የእርስዎ ነዋ ጌታዬ።"

"የሞተ ንብረቱን ይለቃል?"

"ኧረ በጭራሽ!"

"እንግዲያ ሰሜንን እኔና ጎረቤቶቼ እንካፈለዋለን። ሕያው ልጃችን ሲሞት ምሳውን ምን ሊበላ ነው?"

ፓውካር ገመዱን ጣቱ ላይ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠቀለለ። ከዚያም የኋሊት እየተራመደ ወጣ። የሟቾቹ ዘመቻ በዚያው ቀረ። ንጉሡ ከገጠር ያገኙትን ሰብስበው ዘመቱ፣ ከዓመታት በኋላ እዚያው በበሽታ ሞቱ፣ ምሳ ጠባቂ ሌላ ሟች ተጨመረ። ሁለት ልጆቻቸው እኔ ልንገሥ እኔ ልንገሥ ተባብለው ተፋጁ፤ እነሱ ሲፋጁ ወርቅ የራባቸው ጢማም ባዕዳን ከባሕር ወጡ።

ጢማሞቹ ጌታ ቱንኪ ቤት የደረሱት በምሳ ሰዓት ነበር። አስተርጓሚያቸው፣ "የቤቱ ጌታ ማን ነው?" ሲል አሽከሩ ሁሉ ጣቱን ወደ ወንበሩ ቀሰረ። የጢማሞቹ አለቃ ሳቀና የወርቅ ሽፋኑን ሊገነጥል ጠጋ አለ። አሽከሮቹ አጥር ዘለው ጠፉ። ሳይሪ ግን ማንኪያውን ይዞ መሀል ገባ።

"ምሳቸውን አልጨረሱም! እናንተ አገር ሰው እየበላ ነው እንዴ የሚነካው?"

ጎራዴ ተመዘዘ። ጫፉ ሳይሪ ደረት ላይ አረፈ። ቺምፑ ሆዷን ነፋች፣ ወፍራሙ ድምፅ ግን አልወጣ አለ። የወጣው የራሷ ቀጭን ጩኸት ነው።

"ሳይሪ! አንተ ደደብ፣ ና ወደዚህ!"

"ጌታዬ ሳያዙኝ ንቅንቅ አልልም!"

"ጌታህ ተናግረው አያውቁም! አንድ ቀንም! እኔ ነኝ! ያሳከካቸውም እኔ ነኝ፣ እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው!"

አስተርጓሚው መተርጎሙን ረሳ። ሳይሪ ዞር ብሎ አያትና ማንኪያውን ዝቅ አድርጎ ከጎራዴው ሥር ወጣ። ጢማሞቹ ወርቁን፣ የብር ማሰሮዎቹንና ወንበሩን ሳይቀር ጭነው ሄዱ። ጌታ ቱንኪን መሬት ላይ ጥለዋቸው ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ባልና ሚስቱ ሟቹን በጋቢ ጠቅልለው ከከተማው በመሸሽ ተራራው ወገብ ላይ ደረሱ። የቀራቸው አምስት ድንች ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሳይሪ አንዷን ለጌታ ቱንኪ እሳት ውስጥ ጣለላቸው።

"አሁንም ታበላቸዋለህ? ነገርኩህ እኮ!" አለች ቺምፑ።

"አይናገሩም አልሽ እንጂ አይርባቸውም አላልሽም።"

"ተቀየምከኝ አይደል?"

"ቺምፑ፣ እንቅልፍ ሲወስድሽ በእሳቸው ድምፅ 'ሳይሪ፣ ወደዚያ ጠጋ በል' ትያለሽ። እኔ ደደብ ነኝ እንዴ?"

አፏን ያዘች። "ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን አከክሃቸው?"

"ለራስሽ ምንም ጠይቀሽ አታውቂም። ቢያንስ በእሳቸው በኩል አንድ ነገር ጠየቅሽኝ ብዬ ነዋ።"

ቺምፑ እሳቱን እያየች፣ ሆዷን ሳትነፋ፣ በዚያች በቀጭን ድምፅዋ ተናገረች።

"ሳይሪ... ጀርባዬን ያሳክከኛል።"

"የማንን?"

"የእኔን።"

ሳይሪ ማንኪያውን በልብሱ ጠረገና ከኋላዋ መጥቶ ተቀመጠ።

"እዚህ ጋ ነው?" አላት። "ዝቅ ልበል?"