ትልቅ ሰው ቆሞ

«ተነሺ እንጂ ወይንዬ! ትልቅ ሰው ቆሞ?» አለ ደጀኔ፤ እሱ ራሱ ከተቀመጠበት ሳይነሣ።

ትልቁ ሰው ሐውልት ነበሩ። ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ወርደው፣ አስፋልቱን ግራ ቀኝ አይተው ተሻግረው፣ በረንዳው ላይ ከወይንሸት አጠገብ ቆመዋል። ከነሐስ የተሠሩ ናቸው። ቀኝ እጃቸው ወደ ፊት እንደተዘረጋ በሌባ ጣታቸው ሰሜንን ያመለክታሉ። ጎራዴያቸው የወንበሩን እግር እየነካ ይንኳኳል።

ወይንሸት ሻይዋን ገና ፉት ማለቷ ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«አንተ ለምን አትነሣም?»

«እኔ ስነዳ ነው የመጣሁት፤ ወገቤን ላሳርፍ። ደግሞ ያንቺ ወንበር መደገፊያ አለው።»

ወጉ የታወቀ ነው። ትልቅ ሰው ሲመጣ ተቀማጩ ብድግ ብሎ «ኖር» ይላል፤ ትልቁ ሰው «በእግዜር» ብሎ ተቀማጩን መልሶ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ሌላ ወንበር ይፈለጋል። ማንም ወንበሩን አያጣም። ወይንሸትም ይህንኑ ተማምና ግማሽ ያህል ተነሣችና «ኖር» አለች።

ሐውልቱ «በእግዜር» አላሉም። ተቀመጡ። የወንበሩ እግሮች ወደ ውጭ በርገድ አሉና እዚያው ጸኑ።

አስተናጋጇ መጣች። «አባባ፣ ምን ልታዘዝ?»

«አትድከሚ፤ ይኸው አለ» አሉና የወይንሸትን ብርጭቆ ወደ ራሳቸው ሳቡ።

ደጀኔ ተሻግሮ ባዶውን መቆሚያ አንብቦ ተመለሰ። ፊቱ በርቷል። «ስማቸው ተፍቋል፤ ማዕረጋቸው ግን ይነበባል። ደጃዝማች ናቸው! ታሪክ እኮ ነው ወይንዬ። በእግሩ መጣልን።»

«ደጀኔ፣ ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ነው።»

«እንደርሳለን።»

ስብሰባው ኮምቦልቻ ነው። ታላቅ ወንድሟ ግዛው አባታቸው የሠሩትን ቤት ሊሸጥ አስቧል። ቤቱ ውስጥ እናታቸው ይኖራሉ። ዘመድ ዛሬ ተቀምጦ ይወስናል፤ በዚያ ቤተ ዘመድ ደግሞ ወንበሩ ባዶ የሆነ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። እናቷ መውጣቱን አይፈልጉም፤ ግን ለልጃቸው እምቢ ብለው አያውቁም። እምቢ የምትል ወይንሸት ብቻ ናት። ከንጋት ጀምሮ መንገድ ላይ ያሉት ለዚህ ነው። ደጀኔ «እዚህ ጋ ታሪክ አለ» እያለ ፍሬን በያዘ ቁጥር ጥርሷን የምትነክሰውም ለዚህ ነው።

እስካሁን አንድ መስፍን በቅሏቸውን ያሰሩበት ነው የተባለ ግንድ፣ ዝገት የበላው የመንገድ መዳመጫ ሮሎ፣ አንድ ዐይኑ የጠፋ ገለባ የተጠቀጠቀበት አንበሳ አይተዋል። ሁሉም ጋ ደጀኔ ፎቶ ተነሥቷል። የምታነሣው ሁልጊዜ ወይንሸት ስለሆነች እሷ የትም ቦታ ላይ የለችም።

ደጃዝማቹ ሻዩን ጨርሰው ተነሡ። «ወዴት ናችሁ?»

«ወደ ኮምቦልቻ፣ ጌታዬ።»

«እኔም ወደዚያው ነኝ» አሉ፤ ጣታቸው መቼም ከድሮ ጀምሮ ወደዚያው ነው። የባልና ሚስቱ መኪና፣ ትንሿ ቪትዝ ጋ ሄደው የጋቢናውን በር ከፈቱና የወይንሸት ቦርሳ ላይ ተቀመጡ።

«ጋቢና እንግዲህ ለትልቅ ሰው ነው» አለ ደጀኔ፣ ሚስቱን ሳያያት።

ከኋላ ገባች፤ ለእናቷ ከገዛችው ብርድ ልብስ ጎን። መኪናዋ በአንድ በኩል ዘምማ ሄደች። የደጃዝማቹ ክንድ ስለማይታጠፍ በመስኮቱ ወጥቶ ወደ ፊት ተቀስሯል። ከፊት የሚመጡ አይሱዙዎች ቪትዟ የምትታጠፍ መስሏቸው ይጠብቃሉ፤ ሳትታጠፍ ስታልፋቸው ይሳደባሉ። ስድቡ የሚደርሰው ለወይንሸት ነው፤ የኋላው መስኮት አይዘጋም።

«ያ ጋራ የእኔ ነው» አሉ ደጃዝማቹ።

«በእውነት?» አለ ደጀኔ።

«ያ ማሳም። ወንዙም። ያቺ ላም ደግሞ የእኔ ላም ዘር ናት።»

«ሰማሽ ወይንዬ?»

ሰምታለች። ስትሰማ ነው የኖረችው። በሠርጓ ቀን ደጀኔ ከሙሽራ ወንበር አስነሥቷት አክስቱን አስቀመጠ፤ የሠርጉ ፎቶ ላይ ደጀኔ ከአክስቱ ጋር ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር የምትተኛው መሬት ላይ ነው። ደጀኔ ሰው አክባሪ ነው ይባላል፤ ሰፈሩ ይመሰክርለታል። አክብሮቱን ግን አንድም ቀን ከራሱ ወንበር ቆርሶ አልሰጠም።

ጣሊያን ወደፈለፈለው ወደ ጣርማ በር ዋሻ ገቡ። ሲወጡ ደጃዝማቹ «ይኼ የእኔ አይደለም» አሉ። በመንገዱ ሁሉ የእኔ ነው ያላሉት ብቸኛው ነገር ዋሻው ነበር። ቁልቁለቱን ወርደው ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዙ። ቆሎውን ደጃዝማቹ ያዙት።

«እዚህ ጋ ታሪክ አለ!» አለ ደጀኔ፣ ከተማውን አለፍ እንዳሉ፤ ፍሬን ያዘ።

መንገድ ዳር የተተከለው ቡናማ ሰሌዳ «የወረዳው የመጀመሪያ ስልክ» ይላል። አንዲት ጠባብ የድንጋይ ቤት ናት፤ ውስጧ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባለ እጀታ ስልክና አንዲት ጠባቂ ሴት አሉ። ወይንሸት ሞባይሏን አየች። ኔትወርክ የለም።

«ይሄ ይሠራል?» አለቻት ሴትዮዋን።

«በደንብ ነው የሚሠራ። የሚያገኘው ግን የድሮ ሰው ብቻ ነው፤ ይቅርታ።»

ወይንሸት እጀታውን አዞረችና የኮምቦልቻውን ቤት ጠየቀች። መስመሩ ተንኮሻኮሸ።

«ሄሎ! ጮክ በይ፣ አይሰማም!» አለ አንድ ወንድ።

የአባቷ ድምፅ ነበር። አባቷ ከሞተ ቆይቷል። ለመደንገጥ ጊዜ ስላልነበራት በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባች።

«አባዬ፣ ግዛው ቤቱን ሊሸጥ ነው!»

«ግዛው ማነው?»

«ልጅህ ነዋ።»

«ልጅ እንኳ የለኝም፤ ገና ማግባቴ ነው። የቱን ቤት ነው የምትይው?»

«የምትሠራውን።»

«እሱንማ መሠረቱን እያስቆፈርኩ ነው። ድንጋዩ አስቸግሮናል።»

«አስቸግሮህ ለምን ትሠራዋለህ?»

«ሚስቴ በላይነሽ በኪራይ ቤት ናት። አከራይዋ በገባች ቁጥር ብድግ ትላለች፤ ምግብ አፏ ውስጥ እያለ እንኳ። ሳያት ያንገበግበኛል። የራሷ ቤት ትቀመጥ ብዬ ነው፤ ከዚያ ማንም አያስነሣትም። ለመሆኑ ማን ልበል?»

ወይንሸት ስሟን ልትናገር አፏን ስትከፍት አንድ የነሐስ ጣት መጥቶ የስልኩን ማንጠልጠያ ተጫነው።

«እኔም የምደውልለት ሰው አለኝ» አሉ ደጃዝማቹ።

«ወይንዬ፣ ቅድሚያ ስጪያቸው እንጂ» አለ ደጀኔ ከበሩ።

«አንተ!» ብላ ጮኸች ወይንሸት። የጮኸችው በደጃዝማቹ ላይ ነው። ጠባቂዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ደጃዝማቹ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ወደ ኋላ ዞረው አዩ።

«ምን ነካሽ! እርስዎ በያቸው!» አለ ደጀኔ።

«አባቴ ነበር እኮ! አባቴን ነው የዘጋብኝ!»

«አባትሽ የትም አይሄዱም፤ ሌላ ጊዜ ትደውያለሽ። እሳቸው ግን ዛሬ ብቻ ናቸው።»

ወይንሸት ባሏን ለረጅም ጊዜ አየችው። በትዳር ዘመኗ ሙሉ ይኼን ፊት ስታየው ትሕትና ይመስላት ነበር። አሁን ስታየው የተከፈተ በር ነው፤ ማንም የሚገባበት። ያልተከፈተው ለእሷ ብቻ ነው። መኪና ውስጥ ገብታ በሩን በኃይል ወረወረችው። አልዘጋ ብሎ ተመልሶ ተከፈተ። ቪትዟ ከድሮም በሯ አንድ ጊዜ ብቻ ተገፍቶ አይይዝም።

ከሚሴ ሊደርሱ ሲሉ ደጀኔ እንደገና ፍሬን ያዘ።

«አትቁም» አለች።

«አንዴ ብቻ። የመሠረት ድንጋይ ነው፤ ታሪክ አለው።»

ጉብታው ላይ አንድ በሲሚንቶ የተለሰነ መቆሚያ ነበር። አንድ ባለሥልጣን ከብዙ ዘመን በፊት መጥተው፣ ሐውልት ይቆምበታል ብለው፣ ተጨብጭቦላቸው ሄደዋል። ሐውልቱ አልመጣም። ስለዚህ ጭብጨባው ራሱ ታሪክ ሆኖ ቡናማ ሰሌዳ ተተክሎለታል። ከሥሩ «አትንኩ» የሚል ሌላ ሰሌዳ አለ። አስጎብኚው ዣንጥላ የያዘ ጎልማሳ ነው። ወይንሸት ሞባይሏን ስትነቀንቅ አይቶ ራራላት።

«እመቤት፣ ኔትወርክ ከሆነ እላዩ ላይ ይውጡ። አገሬው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚደውለው። እጅዎን ብቻ ወደ ሰሜን ከፍ ያድርጉት።»

ወጣች። እጇን ከፍ አደረገች። ያዘ። ግዛው ጋ ደውላ ድምፁን ወደ ውጭ ለቀቀችው።

«የት ደረስሽ?» አለ ግዛው። «ሰው ተሟልቷል። ያንቺ ወንበር ብቻ ነው የቀረው።»

«እንዳትጀምሩ! ደርሻለሁ! እማዬን አገናኘኝ።»

«ልጄ» አሉ እናቷ። «ደህና ናችሁ? መንገዱ እንዴት ነው?»

«እማዬ፣ ምነው ድምፅሽ? ተቀምጠሻል አይደል?»

«የለም፣ ሰው በዛና መቀመጫ ጠፋ። ወንበሬን ለአጎትሽ ለቀቅኩላቸው። ግድ የለም፣ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ።»

«በገዛ ቤትሽ!» ብላ ጮኸች ወይንሸት። «በገዛ ቤትሽ ቆመሽ! አስነሺው! አንገቱን ይዘሽ አስነሺው!» ከጉብታው ሥር ያሉ ፍየሎች ሣር መንጨታቸውን ተዉ። ልትወርድ እግሯን አነሣች። እግሯ አልተነሣም። ወደ ታች አየች፤ ጫማዋና ሲሚንቶው አንድ ሆነዋል፤ ከዚያ በላይ እስከ ጉልበቷ ነሐስ ነው።

«ደጀኔ፣ ናና አውርደኝ።»

ደጀኔ መጣ። እጁን ዘረጋ።

«ተው» አሉ ደጃዝማቹ ከመኪናው። «የቆመ ሐውልት አይነካም። ሰሌዳውን አላነበብክም?»

ደጀኔ ሰሌዳውን አነበበ። እጁን ሰበሰበ።

«ታዲያ ስብሰባው እንዴት ሊሆን ነው?» አለ፤ ከልቡ ተጨንቋል። «ወንበሯ ባዶ ሊቀር ነው እኮ።»

«እኔ እቀመጥላታለሁ። ቦታውን አውቀዋለሁ፤ ከጥንትም የእኔ ነው።»

«እንዳይቸገሩ ብዬ ነው እንጂ…»

«ምን ይቸግረኛል። መቀመጥ አይደል?»

«ደጀኔ!» አለች ወይንሸት። ነሐሱ ደረቷ ላይ ደርሷል። «እሱ እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጠ እናቴ ውጭ ናት! ሰማኸኝ? ሕይወቴን ሙሉ ስታስነሣኝ ኖረሃል፣ አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን፣ አንተ ራስህ ተነ…»

አፏ በቃሉ መሀል ቆመ።

አንድ ሚኒባስ መጥቶ ጎብኚዎች አወረደ። አስጎብኚው ዣንጥላውን ዘረጋ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ይህቺ የተቆጣችው ሴት ትባላለች። እንደምታዩት አፏ ክፍት ነው፤ ቀኝ እጇ ሰሜንን ያመለክታል። ለምን እንደተቆጣች እስከዛሬ አይታወቅም።»

ደጀኔ ከሰው ኋላ ቆሞ፣ እጆቹን ፊት ለፊት አጣምሮ፣ ማብራሪያውን እስከ መጨረሻው ሰማ። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሞባይሉን አውጥቶ ፎቶ አነሣት። ሲያነሣት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ልጄ?» አለ ከነሐሱ እጅ ውስጥ የአሮጊት ድምፅ። «እየመጣሽ ነው አይደል? እግሬ ደከመ።»

«ድምፅም አላት እንዴ?» አለች አንዲት ጎብኚ።

«አዎን» አለ አስጎብኚው። «አዲስ ሥራ ናት።»

ደጃዝማቹ ጋቢና ውስጥ ተደላድለዋል። ቀኑን ሙሉ ተቀስሮ የዋለውን ክንዳቸውን በዝግታ አጠፉት፣ ወደ ውስጥ ሳቡት፣ ጭናቸው ላይ አሳረፉት። ደጀኔ ዞሮ መጥቶ በሩን በአክብሮት ቀስ አድርጎ ገፋላቸው። አልያዘም። መልሶ ከፈተውና፣ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ወደ ጉብታው አይቶ፣ በኃይል ዘጋው።