ከአራት ሦስት

አራተኛው ቀን የመግደያ ቀን ነው። ስምንቱ ሃምስተሮች፣ አይጥ የሚመስሉት የቤተ ሙከራችን እንስሶች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሣጥን ቀርበዋል፤ አንድ ላይ ከተደረጉ ይበላላሉ። አራቱን ከወራት በፊት የመጀመሪያው ቫይረስ ይዟቸው ድነዋል፤ ቀኝ ጆሯቸው ተበስቷል። ሌሎቹን አራቱን ይዟቸው አያውቅም፤ እነሱ የተበሱት ግራ ጆሯቸውን ነው። ለሁሉም አዲሱን ዝርያ በአፍንጫቸው ከጨመርንላቸው አራት ቀን ሆነ። የዳኑት ድጋሚ ተጎድተው እንደሆነ የሚታወቀው ሳንባቸው ሲከፈት ነው።

የምገድለው እኔ ነኝ። እያወጣ የሚያቀብለኝ የእንስሶቹ ጠባቂ ነው፤ ዋርሳዬ፣ የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም።

«እትዬ፣ ይሄኛው ነክሶኛልና አደራሽን፣ የእኔንም ድርሻ ጨምሪለት።»

«ነካሽ ከቤታችሁ ጠፍቶ አያውቅም» አልኩት።

መታገስ ስላልቻልኩ ከዳኑት ጀመርኩ። የመጀመሪያውን በጋዝ አፍኜ ደረቱን በመቀስ ከፈትኩት። ሳንባው ፈካ ያለ ሮዝ፣ ንጹህ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም።

ዋርሳዬ በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ ያይ ነበር። «ታዲያ አንዴ የያዘውን ሰው ዳግመኛ አይጎዳውም ማለት ነው?»

«ለወንድምህም እንዲሁ ብዬው ነበር።»

ዓመት ሙሉ የቆለፍኩት አፍ በምን እንደተከፈተ አላውቅም።

እናታቸው በአዲሱ ዝርያ ስትወድቅ ሊያስታምማት የተነሳው ዋርሳዬ ነበር። ባሌ ከደጃፍ መለሰው። «እኔን አንዴ ይዞ ለቆኛል፤ አንተ ተው» አለው። አፉን እንኳ ሳይሸፍን ዘጠኝ ቀን አስታመማት። እሷ ተነሳች፤ እሱ ወደቀ። ዋርሳዬ ከቀብሩ ወዲህ «በእኔ ቦታ ሞተ» እያለ ራሱን ሲበላ ኖሯል።

«አይዝህም ብሎ የነገረው ማነው እያልኩ ስለፈልፍ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር» አለኝ። «አንቺ ነሽ?» እትዬ ማለቱን ትቷል።

«እኔ ነኝ።»

ቡጢው ዓይኔ ላይ አረፈ። መነጽሬ ተሰብሮ ቅንድቤን ቀደደው። ጀርባዬ ከጠረጴዛው ሲላተም ሣጥኖቹ ተንደው ወለሉ ላይ ተከፈቱ። ጉሮሮዬን አነቀኝ። እጄ የብረት ትሪ አገኘ፤ በጠርዙ ጆሮ ግንዱን መታሁት። አልለቀቀኝም። ደገምኩት። አጥንት ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ተንበረከከ። የተንሸራተተውን ጭምብሌን መልሼ አጠበቅኩ።

ከእግራችን ሥር ያለው ይብስ ነበር። የቀሩት አምስቱ ሃምስተሮች ተጠምጥመው ይጯጯኻሉ። አንዱ የሌላውን ጆሮ ከሥሩ ቦጭቆ ያኝካል። አንዱ ሆዱ ተዘርግፎ እንኳ መናከሱን አልተወም።

«ያዛቸው!» ብዬ ጮኽኩ። «ጆሯቸው ካለቀ ማን ማን እንደሆነ አናውቅም!»

ደሙ በአንገቱ እየወረደ በጉልበቱ እየዳኸ ያዛቸው። የአንዱ ጥርስ ጓንቱን ሰንጥቆ ጣቱ ውስጥ ገባ፤ እሱ ግን አልለቀቀውም። ለጋዝ ጊዜ አልነበረም። እያቀበለኝ አንገታቸውን በእጄ ሰበርኩ።

የሦስቱ የግራ ጆሮ ምልክት አልጠፋም። ለሁለቱ ጆሮ የሚባል አልተረፈላቸውም። ከሁለቱ አንዱ አራተኛው የዳነ ነው።

ባለ ምልክቶቹን ሦስቱን ከፈትኩ። እንደጠበቅኩት ሳንባቸው ጠቁሮ ጉበት መስሏል። ከጆሮ አልባዎቹ አንዱን ከፈትኩ። ጉበት።

«ይሄ ይዞት የማያውቀው ነው» አለ ዋርሳዬ፣ ፎጣ ጆሮው ላይ ደግፎ። «የቀረው ንጹህ ነው፤ ታያለሽ።»

እኔን እያጽናና ይሁን ራሱን አላወቅኩም። የመጨረሻውን እግሮች እሱ ወጥሮ ያዘልኝ። ቆረጥኩ።

ጉበት።



«ጆሮ የለውም፤ ማን ይጠይቅሻል?» አለኝ። «በድብድቡ ሞቶ ተበላሸ በዪና ሦስት ከሦስት ብለሽ ጻፊ።»

መዝገቡን ሳብኩ። ከቅንድቤ አንድ ጠብታ ወረቀቱ ላይ ወደቀ። ከጠብታው አለፍ ብዬ «ከአራት ሦስት» ብዬ ጻፍኩ።

ዋርሳዬ ጎንበስ ብሎ ጽሑፉን አነበበው።

«ከአራት ሦስት ብትዪውም ይሄድ ነበር፣ እትዬ። እናቱ እኮ ናት።»

«መሄዱንስ ይሄድ ነበር» አልኩት። «ግን አፉን ሸፍኖ።»